ከሥር ያለውን ሳይነኩ ማዋሐድ፦ ፎቶን በሌየር የማቀናበር ትምህርት

ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ አዲስ ፎቶ ሊነሣ አይመጣም። በፍኖተ ሰላምም ይሁን በቡሬ፣ በገበያ ቀን ከገጠር የመጣች እናት ከመቀነቷ ጫፍ ጥጉ የተላጠ ጉርድ ፎቶ ፈትታ ታወጣና «ይኸን ልጄን ከእኔ ጎን አርጉልኝ» ትላለች። ልጇ አረብ አገር ይሆናል፤ አዲስ አበባ ይሆናል፤ ወይም ሞቷል። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን በአማራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከሚወደው ሰው አንዲት ምስል ብቻ የቀረችው ቤተሰብ በዝቷል። ሰው የሚያለቅስበት ሥራ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊማሩት ይገባል።

ይህ ትምህርት እንዲህ ያለውን አደራ ተቀብላችሁ ኮምፒውተር ፊት ለምትቀመጡ ወጣቶች ነው። የማስተምረው ሌየርን ነው። ዋናው ነገሩም አንድ ነው፦ በሌየር የሚሠራ ሰው ምንም ሳያጠፋ ማዋሐድ ይችላል፤ ምንም ያላጠፋ ሰው ደግሞ ስለ ሥራው ቢጠየቅ መልስ አለው። ከዚህ በኋላ የምናየው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ሌየር ምንድን ነው? በአንድ ፋይል ውስጥ ከሌላው በላይ የተነጠፈ፣ ለብቻው የሚንቀሳቀስና ለብቻው የሚታረም ምስል ነው። በጥልፍ ቀሚስ ላይ የተጣለ ነጠላን አስቡ። ነጠላው ከላይ ነው፤ ቀሚሱን ግን አልቀየረውም። ስስ ስለሆነ ጥልፉ በነጠላው ውስጥ አልፎ ይታያል። ነጠላው ሲነሣ ቀሚሱ እንደነበረ ይገኛል። በነጠላው ፈንታ ጋቢ ቢደረብ ከሥር ያለው ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። እንግዲህ ስለ ሌየር መጀመሪያ የምናውቀው ይህን ነው፦ የላይኛው የታችኛውን ይሸፍናል፤ ምን ያህል እንደሚሸፍን መወሰን የእኛ ፈንታ ነው፤ የታችኛው ግን አይነካም።

የመሸፈን መጠኑ ኦፓሲቲ ይባላል፤ ከ0 እስከ 100 በመቶ ይለካል። ኮምፒውተሩ ሥራውን በስሌት ነው የሚሠራው፤ ስሌቱን ያወቀ ሰው በግምት አይደክምም። እያንዳንዷ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የብርሃን ቁጥር አላት፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ባለቀለም ምስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ይይዛል። የላይኛው ሌየር ነጥብ 200፣ የታችኛው 100 ቢሆን፣ የላይኛውንም ኦፓሲቲ 40 በመቶ ብናደርገው፣ የ200 አርባ በመቶ 80 ነው፤ የ100 ስድሳ በመቶ 60 ነው፤ ድምሩ 140 ይሆናል። በዓይናችን የምናየው ይህን 140 ነው። 200ውና 100ው ግን በፋይሉ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ይህን አሠራር ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የተባሉ የኮምፒውተር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥርዓት አስይዘውታል፤ ዛሬ በስልካችን የምንሠራበት ፒክስአርት ሳይቀር በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ሌየር ሁልጊዜ አልነበረም። ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የሠሩት ፎቶሾፕ በአዶቢ ኩባንያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን ሌየር የገባለት በሦስተኛው ዕትም፣ በ1994 ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት አንዱን ምስል ከሌላው ላይ የለጠፈ ሰው ልጥፉን አንዴ ከለቀቀው ከሥሩ ካለው ጋር ይቀላቀልበት ነበር። ከተቀላቀለ በኋላ ትከሻውን ትንሽ ወደ ግራ ልግፋው ቢል አይሆንለትም፤ ከሥሩ የነበረው ምስል ጠፍቷልና። ፎቶሾፕን መግዛት የማይችል ጊምፕን ይጠቀም። ጊምፕ በካሊፎርኒያ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነበሩት በስፔንሰር ኪምቦልና በፒተር ማቲስ የተጀመረ፣ በነፃ የሚወርድ ሶፍትዌር ነው። ከዚህ በታች የማስተምረው ለሁለቱም ይሠራል።

ምስልን በደረጃ መደራረብ ግን ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። በአገራችን የገበታ ሥዕል የሚሥል ሰው ቀለሙን በባዶው እንጨት ላይ አይቀባም። መጀመሪያ እንጨቱን በጀሶ ይለብጠዋል፤ በላዩ ንድፉን ያወጣል፤ በንድፉ ላይ ቀለሙን ይሞላል፤ በመጨረሻ ዓይንንና የልብስ እጥፋትን በጥቁር መስመር ያወጣዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣና ደሴቶች ዘንድ የሚታወቀው መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም ከዚህ ሥርዓት አልወጣም። በፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ይኖር የነበረው ስዊድናዊ ኦስካር ረይላንደር እ.ኤ.አ. በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን በየተራ እያተመ አንድ ትልቅ ሥዕል መሰል ፎቶ ሠርቷል። እሱ በሳምንታት የሠራውን እናንተ በአንድ ከሰዓት ትሠሩታላችሁ። ችኮላችሁ ግን ከእሱ ትዕግሥት እንዳይበልጥ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ምሳሌያችን ይህ ይሁን፦ እናት በማንኩሳ አቅራቢያ ከቤቷ ደጅ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተነሣች ፎቶ አለ። ልጅዋ በከተማ ፎቶ ቤት ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቆሞ የተነሣው ሌላ ፎቶ አለ። ልጁን ከእናቱ ጎን ልናቆመው ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እንወቅ። ለጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ያስፈልጋል። 13 በ18 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በዚህ ስሌት 1535 በ2126 ፒክስል ይሆናል። ለግድግዳ የሚሆን 40 በ50 ሳንቲሜትር ደግሞ 4724 በ5906 ፒክስል ይፈልጋል። 3 በ4 የሆነን ጉርድ ፎቶ በ300 ስካን ብታደርጉት የምታገኙት 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው፤ በ1200 ስካን ብታደርጉት 1417 በ1890 ይሆናል። ስለዚህ አሮጌና ትንሽ ፎቶ ሲመጣ ስካነሩን ከፍ አድርጉት። ከዚያም በላይ ከጉርድ ፎቶ የወጣን ፊት ለግድግዳ የሚያህል ምስል ላይ እናስቀምጣለን ብላችሁ ቃል አትግቡ። ፊቱ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘውን ፊት ለማጥራት የምትጨምሩት ዓይንና ከንፈር ደግሞ የእሱ አይደለም። ለሰውየው በግልጽ ንገሩት፤ አነስ ባለ መጠን ቢታተም መልኩ ይጠበቃል።

የእናቲቱን ፎቶ ክፈቱ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ያንን ሌየር ማባዛት፣ ዋናውን መቆለፍና ከጎኑ ያለውን የዓይን ምልክት መዝጋት ነው። ከዚህ በኋላ ዋናው ሌየር አይነካም። የልጁን ፎቶ ከላዩ አምጡና ወደ ስማርት ኦብጀክት ቀይሩት። ለምን? ተራ ሌየር ሲያንስ ነጥቦቹን ይጥላል፤ መልሳችሁ ብታሳድጉት የጣለውን አያገኘውም። ስማርት ኦብጀክት ግን ዋናውን በሆዱ ይዞ ስለሚቆይ አሥር ጊዜ ብታሳንሱትና ብታሳድጉት አይጎዳም። ጊምፕ የምትጠቀሙ ዋናውን ሌየር ቅጂ አስቀምጡና መጠኑን አንድ ጊዜ ብቻ ለውጡ።

ቀጥሎ ሰማያዊው መጋረጃ ይነሣ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች ላጲሱን ያነሣሉ። ላጲሱን ተዉት። ላጲስ የነካው ነጥብ ጠፋ ማለት ነው፤ በማግስቱ የጆሮው ጫፍ መቆረጡን ብታዩ ከየት ታመጡታላችሁ? በላጲስ ፈንታ ማስክ አለ። ማስክ ከሌየሩ ጎን የሚቀመጥ ጥቁርና ነጭ ገጽ ነው። ነጭ የሆነበት ቦታ ሌየሩ ይታያል፤ ጥቁር የሆነበት ይሰወራል፤ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም 128 አካባቢ፣ የሆነበት ግማሹ ይታያል። በጥቁር ብሩሽ ስትቀቡ መጋረጃው ይጠፋል፤ ተሳስታችሁ ጆሮውን ከነካችሁ በነጭ ብሩሽ መልሳችሁ ቀቡ፣ ጆሮው ይመለሳል። ምንም አልጠፋምና። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ፦ መሰወር እንጂ ማጥፋት የለም።

የማስኩ ጠርዝ እንደ ዕቃው ነው የሚሠራው። ለጫማ፣ ለዱላ፣ ለኮት ትከሻ ፔን ቱልን ይዛችሁ ጥርት ያለ መስመር አውጡ። ለፀጉር ግን ጥርት ያለ መስመር ውሸት ነው፤ በትንሽና ለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። የመጋረጃው ሰማያዊ በጠርዙ እንደ ክር ተጣብቆ ከቀረ ማስኩን አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ አጥብቡት።

ስለ ነጠላ ለብቻው ልናገር፤ በእኛ አገር ይህን ሥራ ከሁሉ የሚያከብደው እሱ ነውና። ነጠላ ለብሶ የተነሣ ሰው ከኋላው ያለው ግድግዳ በነጠላው ሽመና ውስጥ አልፎ ይታያል። ሰውየውን ከሰማያዊ መጋረጃ አንሥታችሁ ገብስ ማሳ ላይ ብታቆሙት፣ ነጠላው ሰማያዊውን ይዞት ይመጣል። ማሳው አረንጓዴ፣ ነጠላው ሰማያዊ። ይህን ስሕተት በብዙ የሰርግና የክርስትና ፎቶ አይቻለሁ፤ የሚያይ ሰው ምን እንደጎደለ ባያውቅም «ተለጥፏል» ይላል። መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው። ነጠላው በአካል ላይ በተኛበት ቦታ ማስኩ ነጭ ይሁን፤ በአየር ላይ በተንጠለጠለበት ጫፍ፣ በዘርፉና በክንዱ ሥር በተዘረጋበት ግን ማስኩን ግራጫ አድርጉት፣ ማሳው አልፎ ይታይ። ከዚያ ከሰውየው ሌየር በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱ፤ በእሱ ላይ ብቻ እንዲሠራ በክሊፒንግ እሰሩት፤ ሞዱን፣ ማለትም ከታችኛው ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ፣ ከለር አድርጋችሁ ከአዲሱ ማሳ የተቀዳ ቀለም በትንሽ ኦፓሲቲ ሰማያዊው ላይ ቀቡ። ጥለቱን ግን አትንኩ። ጥለት የሰው ምርጫ ነው፤ ቀለሙ የበዓል ወይም የሐዘን መሆኑን የአገሩ ሰው ያነበዋል።

ልጁ ከመጋረጃው ወጣ። አሁን የት ላይ ይቁም? ምን ያህል ይርዘም? ይህን የሚነግረን የአድማስ መስመር ነው። ፎቶ አንሺው ቆሞ በዓይኑ ልክ ካነሣ፣ በሜዳ ላይ የቆሙ ቁመታቸው ከእሱ ጋር እኩል የሆኑ ሰዎች ሁሉ፣ የቀረበውም የራቀውም፣ አድማሱ ዓይናቸው ላይ ያልፋል። ስለዚህ የእናቲቱ ፎቶ የተነሣው በቆመ ሰው ዓይን ልክ ከሆነ፣ አድማሱ ከተቀመጠችው እናት ራስ በላይ ያልፋል፤ የቆመው ልጅ ዓይን በዚያው መስመር ላይ ይዋል። በምዕራብ ጎጃም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በምሥራቅ በኩል ከጮቄ ወገን የሚታየው የተራራ ጫፍ አድማስ አይደለም። እውነተኛው አድማስ ከተራራው ሥር ነው፤ በግድግዳው ድንጋይ፣ በማሳው ትልምና በአጥሩ መስመር መገናኛ ፈልጉት። የእናቲቱ ፎቶ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ተነሥቶ ልጁ ከቆመ ሰው ዓይን ልክ ከተነሣ ግን ሁለቱ አይገጥሙም። የማይገጥመውን በግድ አትግጠሙ፤ ልጁን ከወገቡ በላይ ቁረጡትና ከእናቱ ኋላ አቁሙት፤ እግሩ ካልታየ ልዩነቱ ይቀንሳል።

ወደ ብርሃን ደረስን፤ ዕድሜ የሚፈጀው ትምህርት ይህ ነው።

ስለ ብርሃን ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ከየት ይመጣል፣ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ፣ ቀለሙስ ምንድን ነው። ከየት እንደሚመጣ አፍንጫን ጠይቁ። የአፍንጫ ጥላ ወደ ቀኝ ከወደቀ ብርሃኑ በግራ ነው። የእናቲቱ ጥላ ወደ ቀኝ፣ የልጁ ወደ ግራ ከሆነ በሰማይ ሁለት ፀሐይ አለ ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ለማስተካከል ልጁን በመስታወት እንደሚታይ አድርገው ይገለብጡታል። አንዳንዴ ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ እዩ። ሲገለበጥ የኮቱ ቁልፍ ወደ ሌላ ወገን ይዞራል፣ የጋብቻ ቀለበት ወደ ቀኝ እጅ ይሻገራል፣ በጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ ቦታ ይለቃል፣ በልብሱ ላይ ፊደል ካለ ይገለበጣል። እናት የልጇ ጠባሳ በየትኛው ጉንጩ እንደሆነ አትስትም።

የአገራችንን ፀሐይ ማወቅ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 10 አካባቢና ነሐሴ 19 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀኖች ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ የሰው ጥላ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይረዝማል፤ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 1 ሜትር ከ15 ያህል ጥላ ይጥላል ማለት ነው። የቤቱ በር ወዴት እንደሚያይ ቤተሰቡን ጠይቃችሁ፣ ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሣ ካወቃችሁ፣ የልጁን ጥላ በግምት ሳይሆን በዕውቀት ትጥሉታላችሁ።

ወሩ ለቀለምም ይናገራል። በመስከረም ዝናቡ አየሩን ስላጠበው የሩቁ ኮረብታ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አደይ አበባ ቢጫውን ያለብሰዋል። በየካቲትና በመጋቢት አቧራና ጭስ አየሩን ስለሚያደበዝዙት የሩቁ ኮረብታ ይነጣል፣ ጥቁሩም ጥቁርነቱን ያጣል። በመስከረም የተነሣን ሰው በመጋቢት ሜዳ ላይ ስታቆሙ ከርቭስ የሚባለውን ማስተካከያ በእሱ ሌየር ላይ ብቻ እሰሩና ጥቁሩን ጥቂት ከፍ አድርጉት። ፎቶው ጥላ ሥር ከተነሣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በአምፖል ብርሃን ከተነሣ ወደ ቢጫ ያደላል። ነጭ መሆኑን የምታውቁትን ነገር፣ የዓይን ነጩን ሳይሆን የነጠላውን መደብ ወይም የሸሚዙን አንገት፣ በሁለቱም ፎቶ አነጻጽሩ። ከመሬት የሚመለስ ብርሃንም አለ። የቡሬ በርበሬ በደጅ ተሰጥቶ ከአጠገቡ የቆመ ሰው ከአገጩ ሥር ቀላ ይላል፤ ለምለም ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው ከእጁ ሥር አረንጓዴ ይነካዋል። በእናቲቱ ፊት ይህን ካያችሁ ለልጁም ከዚያው ትንሽ ቀቡለት፤ ሁለቱ በአንድ ደጅ እንደቆሙ የሚያሳምነው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

ጥላውን በሁለት ሌየር ሥሩ። አንዱ ከጫማው ሥር የሚሆን ቀጭንና ጥቁር ነው፤ እሱ ከሌለ ልጁ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው የተዘረጋው ረጅም ጥላ ነው፤ ከእግር እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል። ሁለቱንም መልቲፕላይ በሚባለው ሞድ አድርጉ። መልቲፕላይ የላይኛውን ቁጥር በታችኛው አባዝቶ ለ255 ያካፍላል፤ 200 በ100 ሲባዛ 20,000፣ ለ255 ሲካፈል 78 ይሆናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ያጠቁራል እንጂ አያነጣም፤ ከሥር ያለው ጠጠርና ሣርም በጥላው ውስጥ ይታያል፣ በእውነተኛ ጥላ ውስጥ እንደሚታየው። ነጭ በዚህ ስሌት ምንም አይለውጥም፤ በነጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ስካን አድርጋችሁ በፎቶ ላይ በመልቲፕላይ ብታስቀምጡት ወረቀቱ ጠፍቶ ቀለሙ ብቻ ይቀራል።

ጽሑፍ ከጨመራችሁ፣ ለሙት ዓመት ወይም ለምረቃ ባነር ሲሆን፣ እሱም የራሱ ሌየር ይኑረው። ባነሩ ወደ ሌላ ከተማ ለህትመት የሚላክ ከሆነ የጽሑፉን ሌየር አባዙና አንዱን ወደ ምስል ለውጡት፤ በማተሚያው ኮምፒውተር ያ የግዕዝ ፊደል ከሌለ ስሙ ሣጥን ሆኖ ይታተማልና። የሟች ስም ሣጥን ሆኖ ሲታተም ማየት ከባድ ነው።

ስለ ማስቀመጥም በአጭሩ። ጄፔግ ሌየሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል፤ ለህትመትና ለቴሌግራም ይሁን። ፒኤንጂም ሌየር አይዝም፣ ግልጽነትን ብቻ ይዞ ይቆያል። ሥራው ከነሌየሩ የሚኖረው በፎቶሾፕ ፒኤስዲ፣ በጊምፕ ኤክስሲኤፍ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት አገር ላይ ነን፤ በየጥቂት ደቂቃው ኮንትሮልና ኤስ ንኩ። ለሌየሮቹም ስም ስጡ፦ እናት፣ ልጅ፣ የእግር ጥላ፣ ማሳ። «ሌየር 14» የሚል ፋይል ከዓመት በኋላ ሲከፈት ለሠራውም ሰው እንግዳ ነው።

አሁን ጥያቄ ይነሣል። አጠገቧ ያልቆመን ልጅ አጠገቧ ማቆም ውሸት አይደለም ወይ? መልሱ ፎቶው ለምን እንደተፈለገ በማወቅ ይገኛል። የመታሰቢያ ፎቶ አለ፤ የምስክርነት ፎቶ አለ። የመታሰቢያ ፎቶ ለቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ ልጁ እዚያ እንዳልነበረ ያውቃል፤ የፈለገው ማስረጃ ሳይሆን አብሮነት ነው። ይህን ማቀናበር የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚያጽናና ሥራ ነው። የምስክርነት ፎቶ ግን «እንዲህ ሆነ» ብሎ ለማያውቅ ሰው የሚናገር ነው፦ የመታወቂያ ፎቶ፣ የዜና ፎቶ፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ፎቶ፣ የአደጋና የጦርነት ፎቶ። በዚህ ላይ አንድ ሌየር እንኳ መጨመር ሐሰተኛ ምስክር መሆን ነው። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር በዜና ፎቶ ላይ የጨመረም ያወጣም ሥራ ከውድድር እንዲወጣ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዘመን፣ በሙስሊም አለባበስ የሚያሳዩዋቸው ፎቶዎች ሙስሊም ሆነዋል የሚለውን ክስ ለማጽናት መዋላቸው፣ ተቀጣጥለው ስለመሠራታቸውም ክርክር መነሣቱ በታሪክ የሚነገር ነው። ያኔ መቀስና ሙጫ ነበር፤ ዛሬ ከገጠር ልጅ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ከዚያ በላይ ይሠራል። ጦርነት ባለበት አገር የተቀናበረ የሬሳ ፎቶ ሌላ ሬሳ ያመጣል። «ትንሽ አስተካክልልኝ፣ ለፌስቡክ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ የምስክርነት ፎቶ መሆኑን ካወቃችሁ እምቢ በሉ። ገንዘቡ ይቅር።

መካከለኛ ቦታ ያለም ነገር አለ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1858 ከአምስት ኔጋቲቭ አቀናብሮ፣ በሞት አፋፍ ያለችን ልጃገረድ በቤተሰቧ ተከባ የሚያሳይ ፎቶ ሠራ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ልጅቷ ሞዴል ነበረች እንጂ የምትሞት አልነበረችም። ሰው ፎቶን ሲያይ በተፈጥሮው ያምናል። ስለዚህ የመታሰቢያ ፎቶም ቢሆን ከቤት ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ ምስክርነት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የተቀናበረ መሆኑን መጻፍ ነው።

ለበዓለ ንግሥና ለጥምቀት ባነር ስለሚሠሩትም አንድ ቃል። ሥዕለ አድኅኖ እንደማንኛውም ባክግራውንድ ተቆርጦ ከሰው ፎቶ ሥር አይነጠፍም፤ ሰውም ከቅዱሳን በላይ ባለው ሌየር አይቀመጥም። ገጹን ለማስተካከል ብላችሁ የእመቤታችንን ሥዕል አትገልብጡ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ትሣላለች፤ እርሷ በቀኙ እንድትሆን ነው፤ መሠረቱም የመዝሙረ ዳዊት 44ኛ ምዕራፍ ነው። በአንድ ጠቅታ የገለበጠ ሰው ሠዓሊው በምክንያት ያጸናውን ትምህርት አፈረሰው። የምትጠራጠሩበት ነገር ሲኖር ለደብሩ ሊቃውንት አሳዩ፤ ከህትመት በፊት መጠየቅ አያሳፍርም።

እንግዲህ ሥራው ሲያልቅ ሦስት ነገር አስረክቡ። ለባለቤቱ የታተመውን ስጡ፤ የመጣበትን ዋና ፎቶ እንዳለ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ መልሱ፤ ከነሌየሩ ያለውን ፋይል በእናንተ ዘንድ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። በታተመው ጀርባም በእስክሪብቶ «ከሁለት ፎቶ የተቀናበረ» ብላችሁ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። አደራ፣ ይህችን መስመር ሳትጽፉ ምንም ሥራ ከፎቶ ቤታችሁ አታውጡ።